ወገቡ የሰፋው ቀሚስ

ይድረስ ለማትረሺኝ ታላቅ እህቴ። አንቺም ልጆችሽም ሰላም ናችሁ? እኔ ከስፌት መኪናዬ ጋር እየተጨቃጨቅሁ አለሁ።

የሚጥለኝ በሽታ ከሠርጌ ወዲህ አልተነሳብኝም። ክኒኑን አዝራር በማጠራቅምበት ጣሳ ውስጥ ስለማስቀምጠው ባለቤቴም እናቱም አያውቁም።

የወር አበባዬ ግን ከቀረ አራተኛ ወሩ ነው። ሐኪሟ መረመረችኝና እርግዝና አይደለም አለች። በሽታውም መድኃኒቱም የሴትን ሆርሞን ሊያዛቡ ይችላሉ፣ ክኒኑን ግን በራስሽ እንዳታቆሚ ብላ «በሚቀጥለው ከባለቤትሽ ጋር ነይ» አለችኝ። ቀጠሮው አለፈ።

አማቴ ወር መቁጠር ማን ብሏቸው። ባልዲ እንኳን አያስነሱኝም። ባለቤቴም አናጢ አይደል፣ የሕፃን አልጋ ጀምሯል፤ ከሥራ እንደገባ እሱን ሲልግ ነው የሚያመሸው።

ትናንት አማቴ «ልብስ ሰፊ ሆነሽ ወገብሽን እንዲህ ታስጨንቂያለሽ? ቀሚስሽን አስፊው እንጂ» አሉኝ። እናትና ልጅ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው እያዩኝ አሰፋሁት። አሁን ወገቤ ላይ አልቆም ስላለኝ ከውስጥ በመርፌ ቁልፍ ይዤዋለሁ።

መልስ ስትጽፊ በምሰፋበት ሱቅ አድራሻ ይሁን፤ እቤት የሚመጣውን ፖስታ አማቴ ናቸው የሚከፍቱት። ሰላም ብለውሻል። ልጆችሽን የጠበባቸውን ልብስም እንድትልኪልን ብለዋል። ለሱ እንኳን አትቸኩይ።

ታናሽ እህትሽ