ማዶ ያለው ጉድጓድሽ

ጥር 12 ቀን
ከከርሰ ምድር ውሃ ክፍል፣ ሁለተኛ ፎቅ

ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ነሽልኝ? ሆዴ ገፍቷል ብለሽ ከጻፍሽልኝ ወዲህ ደረጃ በወጣሁ ቁጥር የምትታይኝ አንቺ ነሽ። ከባድ ነገር አታንሺ። ባልሽንም ለብርቱካን ችግኞቹ የሚሳሳውን ያህል ለአንቺም ይሳሳ በይው። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ አልታዘዝ ብሎኛል።

ሥራችንን ታውቂዋለሽ። የእናንተ አገር ባለሙያዎችና እኛ ከመሬት በታች አንድ ውሃ እየተጋራን ስንት ዓመት ተነታረክን! እኛ ውሃው ወረደ ስንል እነሱ የለም ይላሉ። በመጨረሻ ቁጭ ብለን አብረን ብንለካ ጉዱ ወጣ፤ ለካ እኛ ከመሬቱ ጀምረን፣ እነሱ ከመሬት በላይ ከወጣው የቧንቧ አፍ ጀምረው ነው ሲለኩ የኖሩት። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። አስተካክለን ስናሰላው ግን ሳቁም ጠፋ። ውሃው በሁለቱም በኩል እየሸሸ ነው።

ባለፈው ሳምንት እነሱ የእናንተን የእርሻ ፓምፕ ሲያስነሱ እኔ እዚህ ከድንበሩ ወዲህ ባለው ክሊኒክ ጉድጓድ ላይ ቆሜ ለካሁ። ፓምፓችሁ ሲነሳ የክሊኒኩ ውሃ ይወርዳል፤ ሲጠፋ ቀስ እያለ ይመለሳል። ደግመን ሞከርነው፣ ያው ነው። የክሊኒኩ አዋላጅ አሁን እጇን የምትታጠበው ከጀሪካን ነው።

የእናንተ በኩል መሐንዲስ፣ ያ ምሰሶ የምንለው ረጅሙ ሰውዬ፣ ለብቻዬ ጠራኝ።

«የልጅዎ ጉድጓድ መሆኑን አውቃለሁ። ከሚዘጉት አንዱን ብንዘለው ማን ያውቃል?»

ምን እዋሽሻለሁ፣ እሺ ልለው አፌን ከፍቼ ነበር። አዋላጇ ፊቴ ድቅን አለችብኝና «አይሆንም» አልኩት። የሚዘጉት ጉድጓዶች ዝርዝር ላይ ፈረምኩ። ጉድጓዳችሁ ይዘጋል። ችግኞቹ ምን እንደሚሆኑ አውቃለሁ፤ ባልሽ ከእንግዲህ ስሜ እንዲነሳበት እንደማይፈልግም አውቃለሁ። ይቅርታ ብልሽ አያጠጣችሁም። ከሰው አፍ ከምትሰሚው ከእኔ ስሚው ብዬ ነው።

በሁለቱ አገሮች ስምምነት መሠረት ጉድጓድ ሲታሸግ ከሌላው አገር አንድ ምስክር መቆም አለበት። እኔ ልሁን አልኳቸው። ለሠርግሽ የከለከሉኝን የመሻገሪያ ፈቃድ ለዚህ ወዲያው ሰጡኝ።

ማክሰኞ የጉድጓዱን አፍ በብረት ከሚዘጉት በያጆች ጋር እመጣለሁ። ሥራው ሲያልቅ መኪናው ትንሽ ይጠብቀኛል። ግቢ ባትዪኝ እንኳ እስከ በሩ ውጪና አንዴ ልይሽ።

በሰላም ያገላግልሽ፣ ልጄ።

እናትሽ