አንዴ ለመቆም፣ ሁለቴ ለመሄድ

ረቡዕ

ትኬቱን አየሁት። የአባባን ጃኬት ላጥብ ብዬ ኪሱን ስፈትሽ ወጣ። ሰኞ ጠዋት፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ከላምበረት ወደ ደሴ። መልሼ ከተትኩት። ጃኬቱንም ሳላጥብ ቦታው ሰቀልኩት።

አማቴ አባባ ሰይድ ሊሄዱ ነው፣ ለእኔ ግን አልነገሩኝም። ባሌ ያሲን ጂንካ መንገድ ሥራ ላይ ነው ያለው፤ ስደውልለት ለካ እሱ ያውቃል። «በእኔ ሰበብ ልጅቷ ገደል ልትገባ ነበር፣ ከእንግዲህ ሸክም አልሆንባትም አሉኝ» አለ። ደሴ ማን አላቸው? ባለቤታቸው እማማ ከሞቱ ወዲህ ያለው የተዘጋ ቤት ብቻ ነው።

ነገሩ የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ የሆነው ነው። ሁልጊዜ ቅዳሜ በዔሊ (አሮጊቷን መኪናችንን እንዲህ ነው የምንላት) እንጦጦ እንወጣለን። እሳቸው ፊታቸውን ወደ ሰሜን፣ ወደ ደሴ አድርገው ይቀመጣሉ፣ እኔ በቆሎ እበላለሁ። የዚያን ቀን ስንመለስ ወሬ ይዤ ቁልቁለቱን ሙሉ ፍሬን እየረገጥኩ ወረድኩ። ፍሬኑ ጋለና ጭራሽ እምቢ አለ። አባባ ከጎኔ ሆነው የእጅ ፍሬኑን ባይስቡት የት እንደምንቆም አላህ ይወቀው። ቦይ ውስጥ ገብተን ቆምን። ማንም አልተጎዳም።

እኔ ደግሞ የመኪና ጥገና አስተማሪ ነኝ። ቁልቁለት በማርሽ እንጂ በፍሬን አይወረድም እያልኩ ስንት ተማሪ ላይ ጮኼአለሁ። እፍረቱ እስካሁን አለቀቀኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ እሳቸው መኪናዋ ውስጥ አልገቡም፣ እኔም አላስነሳኋትም።

አልጋችን ሥር ዓመት ሙሉ የተኛ ካርቶን አለ። ያሲን ከዱባይ ያስመጣው የዲስክ ፍሬን ነው፣ የፊቱን አሮጌ ታምቡር አውጥቶ በሱ ለመተካት። ከሥራ ፈቃድ ጠየቅሁ፤ ተፈቀደልኝ። እስከ እሑድ እገጥመዋለሁ። እሄዳለሁ ካሉም፣ የእኔን መኪና ፈርተው አይሂዱ።

ሐሙስ

የተሠራ፦ ሁለቱ የፊት ጎማዎች ወልቀዋል። ግራው ታምቡር ወጥቷል (በመዶሻ፣ ከብዙ ልመና በኋላ)። ቀኙም ወጥቷል። ዲስኮቹ ልክ ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ።

ያልተሠራ፦ የቀኙ የፍሬን ዘይት ቱቦ። ማሰሪያው ዝጎ ከብረቱ ጋር አንድ ሆኗል። ብታገለው ጥርሱ ሊበላ ነው፣ ከተበላ ደግሞ ቱቦው በሙሉ ሊቀየር ነው። ትቼው ገባሁ። እጄ ቆስሏል።

አባባ ቀኑን ሙሉ በረንዳው ላይ ነበሩ። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ይዘው ጣርማ በርን የወጡ የወረዱ ሰው ናቸው። አንዲት ቃል ጣል ቢያደርጉልኝ ምናለ? «በርቺ ሙሽራ» ብቻ። ከያሲን ጋር ከተጋባን ስድስት ዓመታችን ነው፣ እሳቸው ዘንድ ግን አሁንም ሙሽራ ነኝ። ደስ ይለኛል። ዛሬ ግን ሙሽራ ሲሉኝ እንግዳ የሆንኩ መሰለኝ።

ስለ ትኬቱ አላነሳሁም። እሳቸውም አላነሱም። ምሳ ስንበላ ስለ ዝናብ አወራን፣ ዝናብ በሌለበት ወር።

ዓርብ

ጠዋት ስወጣ ያ የዛገው ማሰሪያ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ጨርቁ ላምባ ላምባ ይሸታል። ፈታሁት፣ ቁልፉን አስገባሁ፣ ትንሽ ተንቋቋና ዞረ። እንዲያው በቀላሉ።

ቀና ስል በረንዳው ላይ የሉም። ቀድመው ለጁምዓ ወጥተዋል፣ ያውም በእግራቸው፣ በዚያ በሚያማቸው ጉልበት። ቁጭ ብዬ ትንሽ አለቀስኩ። የሚሄድ ሰው ለምን እንዲህ ያደርጋል?

አባቴን በልጅነቴ ነው ያጣሁት። ለሌላ ሰው ብነግረው ይስቅብኛል፣ ግን የቅዳሜው እንጦጦ ለሳቸው ብቻ አልነበረም። እኔም በሳምንት አንድ ቀን አባት ያለኝ ያን ጊዜ ነበር።

ከሰዓት ሁለቱም ዲስክ ገባ፣ ዲስኩን ጨብጦ የሚያቆመው ሸራም ገባ፣ ቱቦዎቹ ታሰሩ። የቀረው አየር ማስወጣት ነው። ቱቦው ውስጥ አየር ካለ ፍሬን ስትረግጪ እግርሽ ዝም ብሎ ይሰምጣል፣ መኪናዋ አትቆምም። ለዚህ ሥራ ደግሞ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ይረግጣል፣ አንዱ ጎማው ሥር ተኝቶ ይፈታል፣ ያስራል።

ቅዳሜ

ዛሬ የሆነውን ያሲን ቢያይ በሳቅ ይሞት ነበር።

«አባባ፣ ፍሬን ይረግጡልኛል?» አልኩ ፈራ ተባ እያልኩ። ገብተው መሪው ጋ ተቀመጡ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ።

እኔ ሥር ተኛሁ። «ይርገጡ።» ረገጡ። ፈታሁ፣ አየሩ ቡልቅ ቡልቅ አለ። «አይልቀቁ።» ለቀቁት። አየሩ ተመልሶ ገባ። እንደገና። «ይርገጡ… አይልቀቁ፣ አባባ።» ለቀቁት። አንድ ጠርሙስ የፍሬን ዘይት እንዲሁ አለቀ፣ ፔዳሉ አሁንም እንደ ስፖንጅ ነው።

ኋላ ነው የገባኝ። የግራ ጆሯቸው ይደክማል፤ እኔ ደግሞ ከብረት ሥር ሆኜ በትሕትና እያንሾካሾክሁ ነው። «አይልቀቁ» ስላቸው የሚሰሙት «ይልቀቁ» ነው። አንዲት «አ»! ለተማሪ ቢሆን «ያዝ!» ብዬ እጮሃለሁ፣ አለቀ። ለአማቴ ግን «ያዝ» የሚል አፍ ከየት ላምጣ?

«እንደ ረዳት ንገሪኝ እንጂ» አሉ ከላይ።

«አልችልም አባባ፣ አፌ አይለኝም።»

ከዚያ ወርደው አጠገቤ ቁጢጥ አሉ፣ በዚያ ጉልበታቸው። «አውቶቡስ ላይ እኮ ረዳትና ሾፌር አይነጋገሩም» አሉ። ረዳቱ በእጁ የአውቶቡሱን አካል ይመታል። አንዴ ከመታ ቁም ነው። ሁለቴ ከመታ ሂድ ነው። «ረዳት ሲመታ ሾፌር ለምን ብሎ አይጠይቅም። አንዴ ስትመቺ እረግጥና እይዛለሁ። ሁለቴ እስክትመቺ ድረስ ሰማይ ቢወድቅ አለቅም።»

አንዴ መታሁ። ያዙ። ፈታሁ፣ አየሩ ወጣ፣ አሰርኩ። ሁለቴ መታሁ። ለቀቁ። አራቱንም ጎማ እንዲህ ዞርን፣ አንድ ቃል ሳንለዋወጥ። መጨረሻ ላይ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ጠጠረ። አባባ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው «ይኼ ነው ረዳት» አሉ። ሙሽራ አላሉኝም።

እሑድ

ብቻዬን ሞከርኳት። መጀመሪያ ግቢ ውስጥ፣ ቀጥሎ ሰፈር ውስጥ፣ ከዚያ የካ ሚካኤል ድረስ ወርጄ ተመለስኩ። ቀጥ ብላ ትቆማለች፣ ወደ ጎን አትጎትትም። የሚያንጠባጥብ የለም። ስመለስ አባባ የጎማውን ብሎኖች አንድ በአንድ አጠበቁልኝ።

አጋጣሚውን አገኘሁ ብዬ «እንጦጦ እንውጣ?» አልኳቸው። «ጉልበቴ ዛሬ እሺ አላለኝም» አሉ። ገብተው ሻንጣቸውን አዘጋጁ። በር ሥር አስቀመጡት፣ ጃኬታቸውን ከላይ ጣል አድርገው።

ስለዚህ ምክንያቱ ፍሬኑ አልነበረም። አራት ቀን የደከምኩት ለከንቱ ነው። «ነገ የምሳፈርበት አለ» አሉኝ፤ «ላድርስዎት» አልኩ፣ ሌላ ምን እላለሁ። «አይ፣ ለእኔ ብለሽ አትድከሚ» አሉ። እዚህ ላይ ትዕግሥቴ አለቀ። «ለእርስዎ ብዬ አይደለም የምደክመው፣ ቅዳሜ ሲቀርብኝ ስለማዝን ነው» አልኩና ወደ ጓዳ ሸሸሁ።

ሰኞ

ሻንጣውን ኋላ ጫንኩ። አባባ ከጎኔ ገቡ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርገው ክንዳቸውን አወጡ። ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ ወረድኩ፤ አዲስ ፍሬን አለኝ ብዬ አልተዘናጋሁም። እያዩኝ ነበር።

ላምበረት ስንደርስ መናኸሪያው በር ላይ በእጃቸው የመኪናዋን በር አንዴ መቱ።

ቆምኩ። ዔሊ ባለችበት ቀጥ አለች። አንድ ተሸካሚ ሮጦ መጣና «ደሴ ናችሁ?» አለ። አባባ ወደ በሩ አዩ፣ ወደ አውቶቡሶቹ አዩ። እኔ መሪውን ይዤ ፊት ለፊቴን አያለሁ። ዞር ብል የማለቅስ መሰለኝ።

ሁለቴ መቱ።

ወዴት ብዬ አልጠየቅሁም። ማርሽ አስገብቼ ሄድኩ፣ መናኸሪያውን አልፌ እስከ መሪ ሰፈር ድረስ ነድቼ ዞርኩ። ቤት ደረስን። ሲወርዱ «ዲስኩ ጥሩ ይዟል» ብለው ገቡ።

ሻንጣው ተመልሶ በር ሥር ነው። አልፈቱትም፣ እኔም አልነካሁትም። ጃኬቱን ግን ቅድም ራሳቸው አምጥተው «ይኼ ይታጠብ፣ ለቅዳሜ» አሉኝ። ኪሱን ፈተሽኩ። ባዶ ነው።