ዝም ያለው ማን ነበር

ናውሶሪ፣ ፊጂ
እሑድ፣ ጁላይ 14 ቀን 2024

ልጄ ሳኪዩሳ፣

ደብዳቤ ሲጀመር ጤና መጠየቅ ደንብ ነውና እጠይቃለሁ፤ አንተም ባለቤትህም ልጆቹም ደህና እንደሆናችሁ ተስፋ አለኝ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። እናትህም ደህና ናት። አሁን የቤተ ክርስቲያን ልብሷን እንኳ ሳትቀይር ማዶ ተቀምጣ ጎደሬ ትልጣለች። ምን እንደምጽፍ ስለምታውቅ ግን ቀና ብላ አታየኝም። ሰላምታው እዚህ ላይ አበቃ። ከዚህ በኋላ ያለው ቁጣ ነውና ተቀምጠህ አንብበው።

ሐሙስ ዕለት እኔን አባትህን «ታታ፣ ስብሰባ አለኝ» ብለህ ስልኩን ዘጋህብኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት በስልክ መስመር ሥራ ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። መስመር ሲበጠስና ሰው ሲዘጋብህ ልዩነቱን አውቃለሁ። ስለዚህ ልትዘጋብኝ በማትችለው መንገድ እነግርሃለሁ ብዬ ብዕር አነሳሁ።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምርልህ። ሰኞ ጠዋት ጎረቤታችን ካሚኒኤሊ መጣ። እንደ ወትሮው ከአጥሩ ማዶ ሆኖ ስለ ራሰ በራዬ አልቀለደም። ወረቀት ይዟል። ሴት ልጁ ኡላሚላ ከቤቷ ሆና በኮምፒውተር ከምትሠራለት ከእናንተ መሥሪያ ቤት የደረሳትን ደብዳቤ አትማ፣ በአፏ መናገር ቢያቅታት፣ ቁርስ ላይ ከሳህኑ አጠገብ አስቀምጣለት ወጥታለች። የስድስት ወር የሙከራ ጊዜዋ አልቋል፣ አንቀጥራትም ይላል። ከታች «ዛክ» የሚል ፊርማ አለበት።

«ፊሊሞኒ፣» አለኝ፣ «ይህ ዛክ የሚባለው ሰውዬ ከልጅህ በላይ ነው ወይስ በታች? ሳኪዩሳ አንድ ጊዜ ቢያነጋግርልን። እሱ ልጄን ያውቃታል።»

እኔ ሞኙ ምን አልኩት መሰለህ? አይዞህ አልኩት። ሳኪዩሳ በእኛ ግቢ እኔን ሞሞ፣ አጎቴ እያለች ያደገች ልጅ ሜዳ ላይ ስትጣል ዝም ብሎ አያይም፣ ይህን ሰውዬ ልክ ያስገባዋል ብዬ ሸኘሁት። ከሰዓት ኡላሚላ ልብስ ስታሰጣ አጥሩ ዘንድ አገኘኋትና ዛክ ምን ዓይነት ሰው ነው፣ ክፉ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኋት። በእጇ የያዘችውን አንሶላ መልሳ ባልዲው ውስጥ ከተተችው።

«ሞሞ፣ ዛክ እኮ ሳኪዩሳ ነው» አለችኝ። «እዚያ እንደዚያ ነው የሚጠሩት።»

እንዲህ ስትለኝ ይቅርታ የምትጠይቅ ትመስል ነበር፣ እኔን ስላሳፈረችኝ። ሳኪዩሳ የአባቴ ስም ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሬዋ በሚባለው ወንዛችን ላይ ጀልባ ሲነዳ፣ ነጩም ሕንዱም ቻይናውም ተሳፍሮበታል፤ ስሙን መጥራት ከበደኝ ያለ አልነበረም። ግን ይህን ልተወው። ስሙ ያንተ ነው፣ እንደወደድክ ቁረጠው። የቆረጥከውን ስም ግን እንደዚያ ያለ ወረቀት ላይ ለምን አሳረፍከው?

ወረቀቱን አራት ጊዜ አነበብኩት። ሥራዋ እንከን የለበትም ይላል። ይህን የመሰከራችሁት ራሳችሁ ናችሁ። ቀጥሎ «ነገር ግን ከመሥሪያ ቤታችን ባህል ጋር መግጠም አልቻለችም» ይላል። አርብ አርብ በካሜራ ፊት ቢራ ይዛችሁ ስትሳሳቁ እሷ አብራ አትጫወትም። ቢራ የማትጠጣ የዲያቆን ልጅ ናት፤ ይህን አታውቅም? እናንተ በሳቃችሁበት ሰዓት ከጎኗ አያቷ ተኝታለች፣ ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ ይህንስ አታውቅም? በዚያ ቤት ምንጣፍ ላይ እንቅልፍ ወስዶህ ተሸክሜ ያመጣሁህ ስንቴ ነው?

ደግሞ በማርች ወር «ከቅርብ ቤተሰብ ውጪ ለሆነ ሰው ቀብር» አራት ቀን ቀርታለች ይላል። ይህን ሳነብ መነጽሬን አውልቄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ከቅርብ ቤተሰብ ውጪ የተባለችው እህቴ ቫሴማዳ ናት። እናትህ ሆስፒታል ስታድር አንተን ያሳደገችህ አክስትህ ናት። ኡላሚላ በጀልባ ወንዙን ሽቅብ ሄዳ አራት ቀን ምንጣፍ አነጠፈች፣ ለለቀስተኛ ዓሣ በኮኮናት ወተት ቀቀለች፣ ድስት አጠበች። ፈቃድ የጠየቀችው አንተን ነው፤ የፈቀድክላትም አንተ ነህ። አንተ አበባ ላክህ። አበባው በሦስተኛው ቀን ደረሰ፤ እሱንም ጀልባው ድረስ ሄዳ የተቀበለችው እሷ ናት። ይህን ሁሉ እያወቅህ ወረቀቱ ላይ ፈረምክ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በሜይ ወር በፕሮግራማችሁ የሚሠሩት ክሊኒኮች ቀጠሮ የተዘበራረቀ ጊዜ ጥፋቱን ቀድማ አይታው ነበር፣ ግን በስብሰባው ላይ አልተናገረችም፣ «ችግርን ይዞ ዝም ማለት ከእኛ ጋር አይሄድም» ይላል ወረቀቱ። አንገት ደፊ አገር አጥፊ እንደሚባለው መሆኑ ነው።

ማክሰኞ ካሚኒኤሊ ቤት ሄጄ ኡላሚላን አስቀምጬ ጠየቅኋት። ስለ ሥራው የማላውቀውን በቀላል ቋንቋ አስረዳችኝ። ኮሊን የሚባለው ሽማግሌ ባለሙያችሁ የድሮውን የበሽተኞች መዝገብ ወደ አዲሱ ፕሮግራም ማዛወሪያ ሠርቶ በሁሉም ፊት አቅርቦ ነበር። እሷ ስታየው ለካ ማዛወሪያው ቀኑን እንደ ወር፣ ወሩን እንደ ቀን ያነባል። የአምስተኛው ወር ሦስተኛ ቀን፣ የሦስተኛው ወር አምስተኛ ቀን ይሆናል ማለት ነው። እንዳለችውም ሆነ። የኩላሊት ሕመምተኞች ባልተቀጠሩበት ቀን መጥተው ተመለሱ።

«ታዲያ ልጄ፣ ለምን አልተናገርሽም?» አልኳት።

«ኮሊን አባቴን የሚያህል ሰው ነው፣ ሞሞ። አሥራ አንድ ሰው እያየው እንዴት ተሳስተሃል እለዋለሁ?»

«እና ዝም አልሽ?»

«ዝም አላልኩም። ስብሰባው እንዳለቀ ነግሬያለሁ። ስህተቱ የቱ ጋ እንዳለ፣ በምን እንደሚስተካከል ጽፌ፣ ለብቻው ቢነግረው የማያሳፍረው ሰው ይንገረው ብዬ ልኬያለሁ።»

«ለማን?»

ወገቧ ላይ የጠመጠመችውን ሱሉ ጫፍ ታጣጥፍ ጀመር። እናቷ ብድግ ብላ ወደ ጓዳ ገባች። እኔም ከዚያ በኋላ አልጠየቅኋት። በዚያ መሥሪያ ቤት ውስጥ ታላቅን በሰው ፊት አለማዋረድ ምን እንደሆነ የሚገባው፣ እሷም የምታምነው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ሐሙስ የደወልኩልህ ለዚህ ነው። ስለ ባህል ረጅም ነገር ነገርከኝ፤ የእኔ ብቻ ውሳኔ አይደለም፣ የቡድኑ ነው አልክ፤ ጎበዝ ናት ግን አትገጥምም አልክ። ሁሉንም ሰማሁህ። ከዚያ «ኡላሚላ ጽፋልህ ነበር ወይ?» ብዬ ስጠይቅህ ትንፋሽህን ብቻ ሰማሁ። ቀጥሎ ስብሰባው መጣ።

ልጄ፣ ያን ቀን ሥራ በዝቶብህ ሳታነበው ቀርተህ ይሆናል። ወይም አንብበህ ኮሊንን መንገር ከብዶህ ይሆናል። የትኛውም ቢሆን የሰው ስህተት ነውና አልፈርድብህም። ግን ሰዎቹ ተሰብስበው «አውቃ ዝም አለች» ሲሉ አንተ እዚያው ተቀምጠህ ነበር። አንዲት ቃል ብትናገር ጥፋቱ ከእሷ ይወርድ ነበር። አልተናገርክም። ወረቀቱ ዝም ትላለች ብሎ የከሰሳት በአንተ ዝምታ ነው።

ሦስት ቀን ጥፋቱ የእኔ ይሆን እንዴ እያልኩ ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትኩ። ብሪዝበን ስትሄድ ናውሶሪ አውሮፕላን ማረፊያ የነገርኩህን አልረሳሁትም። አውስትራሊያዊ መሐንዲሶች ሥር ስሠራ፣ ካልጠየቁኝ ስለማልናገር፣ ሦስት ጊዜ የአለቃነት ሹመት አለፈኝ። ያስተማርኳቸው ልጆች አለቆቼ ሆኑ። ያ ቂም ሆዴ ውስጥ ስለነበር ነው እስኪጠይቁህ አትጠብቅ፣ ዓይን ዓይናቸውን እያየህ ተናገር፣ ለማንም አታጎንብስ ያልኩህ። ምክሬ ትንሽ ተጣሞ ይሆናል። ግን ተናገር ነው ያልኩህ። ሌላ ሰው በአንተ ጥፋት ሲወቀስ አፍህን ያዝ ያልኩህ አይመስለኝም።

ትናንት ቅዳሜ ገበያ ሄጄ ይቅርታ የሚጠየቅበትን የያንጎና ሥር ገዛሁ፤ ጥሩውን፣ ወፍራሙን። ንጹሕ ሸሚዜን ለብሼ፣ ሱሉዬን አስሬ ካሚኒኤሊ ቤት ሄድኩ። በሩ አጠገብ ከታች ተቀመጥኩ። አርባ ዓመት ሙሉ እየቀለድኩ እገባበት በነበረው ቤት በሩ ሥር ስቀመጥ ያየኝ ጊዜ የቀልድ ፊቱ ጠፋ። ሥሩን ከፊቱ አስቀምጬ ነገርኩት። ዛክ ልጄ መሆኑን ነገርኩት። ልጅህ ተናግራ ነበር፣ ዝም ያለው የእኔ ልጅ ነው አልኩት። ይቅርታ አድርግልን ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

ካሚኒኤሊ ሥሩን አልነካውም። ጉልበቴ እየቆረጠመኝ ጠበቅሁ።

«ሳኪዩሳ እንደመጣህ ያውቃል?» አለኝ በመጨረሻ።

«እሱ ነው የላከኝ» አልኩት።

ያን ጊዜ ሁለት እጁን አጨብጭቦ ሥሩን ተቀበለኝ፣ አነሳኝ፣ አቀፈኝ። ልጁማ ልጄ ነው አለ፤ አለቀሰም። ኡላሚላ ከኋላው ቆማ ሰምታለች። እንዳልላክኸኝ ታውቃለች። ዓይን ለዓይን ተያየን፣ እሷም አንገቷን ደፋች። ሁለተኛ ጊዜ ዝም አለችልህ።

እንግዲህ የምጠይቅህ ይህን ነው። መልሳችሁ ቅጠሯት አልልህም፤ እሷም ራሷ አልመለስም ብላለች። ኦክላንድ ካለ አንድ መሥሪያ ቤት ሥራ ጠይቃለች፤ ስለ እሷ ይጠይቁሃል፣ በዚህ ሳምንት ሳይሆን አይቀርም። ያን ወረቀት አይተው ባህሏ አይገጥምም ካሉ፣ ከዚያ ወዲያ የሚቀጥራት የለም። ስለዚህ በዚያ በስብሰባችሁ ላይ፣ ኮሊንም አለቆችህም ባሉበት፣ ካሜራውን ሳታጠፋ፣ «ኡላሚላ ነግራኝ ነበር» በል። ከዚያ ወረቀቱን አርመህ፣ ሙሉ ስምህን ጽፈህ ላክላት። ለካሚኒኤሊም ደውል። ምን እንደምትለው አንተ ታውቃለህ፤ እኔ ልኬው ነው ካልከው ግን ከውሸቴ ታወጣኛለህ።

እግዚአብሔር ልብህን ያቅናልህ፣ አንደበትህንም ይፍታልህ። ቤትህን ይጠብቅልህ። ልጆቹን ሳምልኝ፤ ትልቁ እኔን እንደሚመስል እናትህ ከፎቶው አይታ ነግራኛለች። እሷም ሰላም ብላሃለች፤ ሌላ አልጨመረችም።

ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ካሚኒኤሊ በዋናው በር ቆሞ እየጠበቀኝ ነበር። እኔ በጓሮ በር ወጣሁ። እስክትደውልለት ድረስ በዚያው ነው የምወጣው።

አባትህ
ፊሊሞኒ