መኪናቸውን በሌላ ሰው እጅ ማየት ያቃታቸው የጋሽ ባርኔጣ የሕይወት ታሪክ

አብዛኞቻችሁ "ጋሽ ባርኔጣ" እያላችሁ የምትጠሯቸው ውድ አባታችን፣ ከወፍጮ ቤት ባለቤት አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው መጋቢት 9 ቀን 1946 ዓ.ም. በወንዝ ዳር በምትገኝ አነስተኛ ከተማ ተወለዱ። ለቤቱ ሦስተኛ ልጅ ነበሩ።

ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ ቅናታቸውን እናንሳው ወይስ እንለፈው በሚለው ላይ ቤተሰቡ ተወያይቶ ነበር። እናታችን "ቅናቱን ደብቃችሁ ብትጽፉ፣ የሚያውቁት ሰዎች የሌላ ሰው ቀብር የመጡ ይመስላቸዋል" ስላሉ፣ ሳንደብቅ ጽፈነዋል።

በልጅነታቸው የወፍጮውን ሞተር ማስነሳት የሚፈቀደው ለታላቅ ወንድማቸው ብቻ ነበር። የእርሳቸው ድርሻ የፈሰሰ ዱቄት መጥረግ ነበረ። እየጠረጉ ግን ሞተሩን ያዳምጡ ነበርና፣ በዘጠኝ ዓመታቸው አንድ ቀን የሞተሩ ቺንጋ እየተንሸራተተ መሆኑን ከድምፁ ለይተው ተናገሩ። ወንድማቸው ሄደው ቺንጋውን አጠበቁት፤ አባታቸውም የመረቁት ያጠበቀውን ልጅ ሆነ። አባታችን ይህን በደል ሳያነሱት ያለፈ የቤተሰብ ስብሰባ አልነበረም። ታላቅ ወንድማቸውም "አንድ ቺንጋ ስልሳ ዓመት ሲጎተት ያየሁት በዚህ ቤት ነው" እያሉ ያስቁን ነበር።

እስከ ስምንተኛ ክፍል በትውልድ ከተማቸው ከተማሩ በኋላ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ገብተው ለሁለት ዓመት የአውቶሞቢል ጥገና ተማሩ። በ1966 ዓ.ም. በአንድ የውሃ ጥናት መሥሪያ ቤት በሹፌርነት ተቀጠሩ። ቁመታቸው አጭር በመሆኑ ሲነዱ ከመሪው በላይ የሚታየው ባርኔጣቸው ብቻ ስለነበር፣ ቅጽል ስማቸው የወጣላቸው በተቀጠሩ በሳምንቱ ነው።

በ1971 ዓ.ም. ለመሥሪያ ቤቱ በአራቱም ጎማ የምትጎትት አንዲት ግራጫ የመስክ መኪና ተገዛች፤ ለአባታችንም ተሰጠች። ለአሥራ አራት ዓመታት የከርሰ ምድር ውሃ የሚፈልጉ ባለሙያዎችን ይዘው መንገድ በሌለበት ሁሉ ሄዱባት። አንድ የማይለወጥ ሥርዓት ነበራቸው። ወንዝ ከመሻገራቸው በፊት መኪናዋን አቁመው፣ ወርደው ግማሽ ሰዓት ይጠብቃሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው። በረጅም ጉዞ የጋለ የኋላ ዲፈረንሻል፣ ማለትም ለኋላ ጎማዎች ኃይል የሚያከፋፍለው የጥርስ ሳጥን፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ፣ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና በመተንፈሻው በኩል ውሃ ይስባል፤ ውሃው ከዘይቱ ጋር ይቀላቀልና ጎማው የሚሽከረከርበትን ኩሽኔታ ይበላዋል። ባለሙያዎቹ ሲያጉረመርሙ "እናንተ ላብ እንዳላችሁ ቀዝቃዛ ውሃ ትጠጣላችሁ?" ይሏቸው ነበር። በእነዚያ ዓመታት ዲፈረንሻሏ አንድም ቀን አልተከፈተም።

በ1976 ዓ.ም. በጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ከነበሩት እናታችን ጋር ጋብቻቸውን ፈጸሙ። በሠርጋቸው ዕለት ሁለት ጊዜ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ወደ መስኮቱ ሄደዋል፤ ግቢ የቆመችውን መኪና ሰው ተደግፏት እንደሆነ ለማየት ነበር። እናታችንም ከዚያን ቀን ጀምሮ "ጣውንቴ" የሚል ስም አወጡላት። ከጋብቻቸው አንድ ወንድና ሁለት ሴት ልጆችን አፍርተዋል።

በ1985 ዓ.ም. ዕድገት አገኙ። የዋናው ሥራ አስኪያጅ ሹፌር ሆነው አዲስ የቤት መኪና ተረከቡ። ጓደኞቻቸው ሁሉ እንኳን ደስ ያለህ አሏቸው። የመስክ መኪናዋ ግን ረጅምና ቀጭን በመሆናቸው "አለንጋው" ለሚባሉት ሌላው የመሥሪያ ቤቱ ሹፌር ተሰጠች። አባታችን ቁልፉን ሲያስረክቡ እጃቸውን ቶሎ አልዘረጉም ይባላል።

ከዚያ በኋላ የነበሩት አሥራ አንድ ዓመታት ቀላል አልነበሩም። ማታ ማታ መኪናዋ ከመስክ ስትመለስ በግቢው ውስጥ ሥራ እንዳለበት ሰው ወዲያ ወዲህ ይሉ ነበር። ኮፈኗን በመዳፋቸው ይነካሉ፣ ጎንበስ ብለው ከሥሯ ያያሉ፤ አንድ ጭረት ባዩ ቁጥር እራት አይበላላቸውም። ከሁሉ የባሰው ግን አንድ ቀን ምሳ ቤት የሰሙት ነበር። ከባለሙያዎቹ አንዱ "ተመስገን ነው፣ አለንጋው ወንዝ ላይ አያስቆመንም፤ በጊዜ ቤታችን እንገባለን" ሲል ሰሙ። ምሳቸውን ትተው ወጡ። ለእናታችንም "ወንዝ የማያከብር ሰው እጅ ገብታለች" ብለው ነገሯቸው። እናታችን "አንተ እኔን ለሌላ ቢድሩኝ እንዲህ ትሆን ነበር?" ቢሏቸው፣ ጥቂት አሰብ አድርገው "አንቺማ ራስሽን ትጠብቂያለሽ" ብለው መልሰዋል። እናታችን ይህን መልስ ይቅር እንዳላሏቸው እንዲጻፍ አሳስበዋል።

በ1996 ዓ.ም. መኪናዋ አርጅታለች ተብላ ለሠራተኞች በጨረታ ቀረበች። የገቡት ሁለት ፖስታዎች ብቻ ነበሩ፤ አንዱ የአባታችን፣ ሌላው የአለንጋው። አባታችን አሸነፉ። የሁለተኛው ፖስታ ባለቤት ማን እንደሆነ ሲሰሙ ግን ደስታቸው በግማሽ ቀነሰ።

ግቢያችን እንደገባች ቱታቸውን ለብሰው የሌላ እጅ የነካውን ሁሉ መፈለግ ጀመሩ። አለንጋው ለረጅም እግራቸው ብለው መቀመጫውን ወደ ኋላ ወስደው አዲስ ቀዳዳ በስተው አስረውት ነበር፤ አባታችን ወደ ቦታው መልሰው የአለንጋውን ቀዳዳዎች በየዱ። ከኮፈኑ ሥር የገባችውን ትንሽ መብራት ነቀሉ። በማርሽ ዘንጉ ላይ የተጠመጠመውን ላስቲክ ላጡ። እናታችን በረንዳ ላይ ቆመው "አዲስ ተከራይ የቀድሞው ተከራይ የመታውን ሚስማር ሁሉ ሲነቅል ያየሁት ዛሬ ነው" አሉ። በመጨረሻ ከኋላ ዲፈረንሻሉ መተንፈሻ ተነሥታ እስከ ጣሪያው ሥር የምትወጣ ቀጭን የጎማ ቱቦ አገኙ። ሊያግዛቸው የመጣው የሰፈራችን መካኒክ "ጋሼ፣ ይቺን እንኳ ይተዉአት፤ ውሃ ውስጥ ስትገባ ከላይ አየር የምትስበው በሷ ነው" ብሎ ለመናቸው። እርሳቸው ግን "አሥራ አራት ዓመት ያለሷ ተንፍሳለች" ብለው ቆርጠው ጣሏት። ቱቦዋ ጥሩ ሥራ መሆኗን ከመካኒኩ ይልቅ እርሳቸው ያውቁ ነበር። የጎዳቸውም እርሱ ነው፤ እርሳቸው ያላሰቡትን ሌላ ሰው በገዛ መኪናቸው ላይ አስቦት ነበርና።

በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ወር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከወንዝ ማዶ አንዲት ወላድ ሁለት ቀን አምጣ እንዳቃታት ለእናታችን መልእክት መጣ። የጤና ጣቢያው መኪና ሌላ ቦታ ሄዳ ስለነበር አባታችን አሮጌዋን መኪና አስነሥተው እናታችንን ይዘው በረሩ። ወንዙ ዳር ሲደርሱ እንደ ልማዳቸው ሊያቆሙ ፍሬን ያዙ። እናታችን "እዚያ ማዶ ያለችው አትጠብቅም" አሏቸው። አባታችን አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ዞር ብለው አዩ፤ ከዚያ ማርሽ አስገብተው ከነትኩሳቷ ውሃው ውስጥ ከተቷት። ወላዷ ወንድ ልጅ በሰላም ተገላገለች። ያ ልጅ ዛሬ በመካከላችን ቆሟል።

ዲፈረንሻሉ ውስጥ ውሃ መግባቱን አባታችን ያውቁ ነበር። ዘይቱን ማታውኑ ቢቀይሩት ነገሩ ባለቀ። ነገር ግን ከውሃ ጋር ተቀላቅሎ የነጣውን ዘይት መካኒኩ ካየው ለአለንጋው ይነግራል ብለው ፈሩ፤ ራሳቸው እንዳይቀይሩት ደግሞ መካኒኩ ከግቢያችን አይጠፋም ነበር። ዛሬ ነገ ሲሉ ሁለት ወር አለፈ። መስከረም ላይ ቤተሰቡን ሁሉ ጭነው ቁልቁለት ሲወርዱ የኋላው ኩሽኔታ ተሰባብሮ ጎማው ተቆለፈ። መኪናዋ በጎኗ ተንሸራታ ከገደሉ አፍ ሁለት እርምጃ ሲቀራት ቆመች። ልጆቹ ምንም አልሆኑም፤ የእናታችን ቀኝ ክንድ ግን ተሰበረ።

እናታችን ክንዳቸው በጀሶ ታስሮ ከሆስፒታል ሲመለሱ፣ አባታችን እያንዳንዱን ነገር ከቱቦዋ ጀምሮ ተናዘዙላቸው። እናታችን እስከ መጨረሻው ሰምተው "እኔ በዚህ ክንድ ልጅ ነው የማዋልደው" አሉ። ቀጥለውም "ከእንግዲህ ከዚህች መኪና ላይ ወይ ቅናትህ ይወርዳል፣ ወይ እኔና ልጆቼ እንወርዳለን። ሂድና ለሰውየው እውነቱን ንገረው" አሏቸው።

አባታችን አራት ቀን አልሄዱም። በአምስተኛው ቀን ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው በእግራቸው ወደ አለንጋው ቤት ሄዱ። በሩ ላይ እንደቆሙ "ቱቦህን ቆርጬ ጥዬ ሚስቴን ሰበርኳት" አሏቸው። አለንጋው በሩን ወለል አድርገው ከፈቱ። ከዚያም "ግባና ተቀመጥ። ቱቦዋን ለምን እንደሠራኋት ታውቃለህ? ወንዝ ዳር ባቆምኩ ቁጥር 'ይሄ የባርኔጣ ብልሃት ነው' ይሉኛል። ብነዳ በባርኔጣ ጊዜ፣ ባቆም በባርኔጣ ጊዜ! በቅናት ስቃጠል ከርሜ፣ ሳላቆም የምሻገርበትን መላ ፈለግኩ። ቱቦዋ የቅናት ልጅ ናት" አሏቸው። አባታችን ይህን ሲሰሙ አለቀሱ ወይስ ሳቁ በሚለው ላይ ሁለቱ እስከ መጨረሻው አልተስማሙም።

በዚያ ዓመት ዲፈረንሻሉን አብረው ፈትተው በናፍጣ አጠቡት፤ የእንግዳ ጠረጴዛችን ላይ ጋዜጣ ተነጥፎ ጥርሳ ጥርሱ ለሦስት ወር ተሰጣ። አለንጋው የጥርሶቹን መግጠም በቀለም ምልክት ያያሉ፤ አባታችን ጆሯቸውን አስጠግተው በእጃቸው እያዞሩ ያዳምጣሉ። "ጆሮ ይሳሳታል" "ቀለም ይዋሻል" እየተባባሉ ሲጣሉ ይውሉና፣ በመጨረሻ ሁለቱም የጥርሶቹን ክፍተት ለማስተካከል ያንኑ ስስ ቆርቆሮ ያነሣሉ። መቀመጫው ለሁለቱም ቁመት እንዲሆን በሁለት ረድፍ ተበሳ። ቱቦዋም ተመለሰች፤ አባታችን ግን አለንጋው ካደረሷት ቦታ አንድ ስንዝር ከፍ አድርገው አሰሯት።

እናታችን እንደገና ተሳፈሩ። አባታችን ቱቦ ተገጥሞም ወንዝ ዳር ማቆማቸውን አልተዉም። አለንጋው "ታዲያ ቱቦዋ ለምን ገባች?" ሲሏቸው "ለአንተ ቀን። ዛሬ የኔ ቀን ነው" ይሏቸው ነበር። ቅናታቸው ጠፋ ብንል ውሸት ይሆንብናል። አለንጋው በነዱባት ቀን ማታ ወጥተው የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ያዩ ነበር። የሚለየው፣ አሁን ያዩትን በማግስቱ ለራሳቸው ለአለንጋው መናገራቸው ነው።

በ2006 ዓ.ም. በጡረታ ተሰናበቱ። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ የልብ ሕመም ስለጀመራቸው እግራቸው ፍሪሲዮን መርገጥ ተሳነውና ከጎን መቀመጥ ጀመሩ። ያን ጊዜ አለንጋው "በአንተ በኩል ፍሬን የለም፤ ወለሉን ትበሳዋለህ" እያሉ ይነዷቸው ነበር። በሀገር ውስጥ ሕክምና ሲረዱ ቆይተው በመጨረሻው ሳምንት ሆስፒታል ተኙ። አለንጋው ሊጠይቋቸው ሲገቡ አባታችን እጃቸውን ይዘው "መሞቴ አይደለም የሚያንገበግበኝ፤ ከእንግዲህ ብቻህን መንዳትህ ነው" አሏቸው። አለንጋውም "እኔን የሚያንገበግበኝ ደግሞ 'እንደሱ አይደለም' የሚለኝ ማጣቴ ነው" ሲሉ መለሱላቸው።

አባታችን በተወለዱ በስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ኅዳር 17 ቀን 2016 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። በቃል ያስቀመጡት ኑዛዜ አንድ ነው፦ መኪናዋ ለአለንጋው ትሰጥ፤ በላይዋ ላይ የሚለውጠው ነገር ቢኖር አስቀድሞ ለባለቤቴ ይንገራት፤ እሷ ከፈቀደች እኔም ፈቅጃለሁ።

አባታችን ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውንና ታላቅ ወንድማቸውን ትተው አልፈዋል። አለንጋውን ከወዳጅ ተራ እንጻፋቸው ወይስ ከዘመድ ብለን እናታችንን ስንጠይቅ "ከኔ ቀጥሎ ጻፉት፤ እሱም ጣውንቴ ነበር" ብለዋል። ስለዚህ ከእናታችን ቀጥለው እርሳቸውም ሐዘንተኛ ናቸው።

እግዚአብሔር የአባታችንን ነፍስ በማንም በማይቀኑበት፣ ሁሉም ባለድርሻ በሆነበት ቤት ያሳርፍልን፤ ለቀረነውም መጽናናትን ይስጠን።