ከማሩ ፉርጎ ስለጎደለች አንዲት ቆርኪ

ለተከበሩ አቶ ይታገስ፣
የቢቸናና የሞጣ የወንድማማችነት ባዛር አስተባባሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ባሉበት

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ከረባትዎና ወንበርዎ ሦስቱም ደህና ናቸው? እኔ የእናትዎ የወይዘሮ በዛብሽ ታናሽ ወንድም፣ አጎትዎ ፋንታ፣ ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁን፣ በጣም ደህና ነኝ፤ በባዛሩ ዕለት ግንባሬ ላይ የበቀለው እብጠት እንኳ ከብርቱካን ወደ ሎሚ ወርዷል። አፍንጫዎን እየጠረግሁ ያሳደግሁዎት ሰው ዛሬ «እርስዎ» ስልዎት እንዳይደነግጡ፤ ሰው ወንበር ላይ ሲወጣ የሥጋ ዘመዱም ቀና ብሎ ማየት ስላለበት ነው።

ይህን ደብዳቤ በቢቸና ገበያ መግቢያ ላይ ለመለጠፍ የተነሣሁት ለትልቅ ነገር አይደለም። ስለ አንዲት ቆርኪ ነው። የማሩ ፉርጎ ከአራት እግሮቹ አንዷ፣ ከለስላሳ ጠርሙስ የተነቀለች ቀይ ቆርኪ፣ ጠፍታብኛለች። ከጥበቃዎችዎ መካከል ሲራመድ ቀጭ ቀጭ የሚል ሰው ካለ ጫማውን ገልብጠው እንዲያዩልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ባዛሩን ላላየ አንባቢ ነገሩን ልንገር። ባየ የሚባል የሞጣ ተወላጅ ጎረቤት አለኝ፤ ቆርቆሮ ቀጥቅጦ ኩራዝና ማንቆርቆሪያ እየሠራ የሚኖር ዝምተኛ ሰው ነው። እርሱና እኔ ክረምቱን ሙሉ ከዘይት ጣሳ ባቡር ስንሠራ ከረምን። በእኛ በጎጃም ሐዲድ ስለሌለ ሁለታችንም ባቡር ያየነው ግድግዳ ላይ በተሰቀለ የቀን መቁጠሪያ ሥዕል ነው፤ ቢሆንም ከአሮጌ መኪና የፈታነውን የዝናብ መጥረጊያ ሞተር በባትሪ አስነሥተን፣ ከሽቦ ክብ ሐዲድ ዘርግተን፣ ፉርጎ አስከተልንላት። እያንዳንዱ ፉርጎ የአንድ አገር ምግብ ተሥሎበት ቅምሻውን ጭኗል፦ ለሉማሜ የሽምብራ አሳ፣ ለሮብ ገበያ የገብስ በሶ፣ ለግንደወይን ሰናፍጭ የበዛበት ስልጆ፣ ለሞጣ ማር ከነሰፈፉ፣ ለቢቸና የነጭ ጤፍ ድርቆሽ። ሐሳባችን የዛሬ ልጆች ከፓስታ በፊት ምን ይበላ እንደነበር እንዲያውቁ ነበር። አንድ ሽማግሌ ከበሶው በጣታቸው ቆንጥረው ቀምሰው «ይቺ እኮ የእናቴ እጅ ናት» እያሉ ዓይናቸውን ሲጠርጉ አይቻለሁ። ክቡርነትዎ ከነጥበቃዎችዎ የደረሱት ልክ በዚያች ሰዓት ነው።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ስለ ሰጡን የባቡር ትምህርት። የሞጣ ፉርጎ ከሞተሩ ቀጥሎ፣ የቢቸና ፉርጎ ከሁሉ ኋላ መሆኑን አይተው «ቢቸና ጭራ ናት ወይ?» ብለው ጮኹ። ማር ከባድ፣ ድርቆሽ ቀላል መሆኑን፣ ከባዱ ከኋላ ከታሰረ በመታጠፊያው ላይ ቀላሎቹን ስቦ ከሐዲዱ እንደሚያወጣቸው ባየ በእርጋታ ሊያስረዳዎት ሞከረ። እኔም ሐዲዱ ክብ ስለሆነ ትንሽ ቢታገሡ ቢቸና ሞጣን ከኋላ ስታሳድድ ያያሉ አልሁ። ቀልዱ እንዳልጣመዎት ከጆሮዎ መቅላት ተረዳሁ።

ሁለተኛ፦ ስለ ትእዛዝዎ አጭርነት። ሌላ ባለሥልጣን ስብሰባ ይጠራ ነበር፤ እርስዎ ግን «ንቀሉት!» ብለው ጨረሱ። ባየ ቀኝ እጁን በማሩ ፉርጎ ላይ ጭኖ «ጌታዬ፣ እኔው ልፍታው፤ በጉልበት ከተነቀለ ይቀደዳል» አለ። እርስዎም «በለው!» አሉ። ጥበቃው ቃልዎን አላስደገመም። ዱላው ሲወርድ ፉርጎውና እጁ አብረው ተጨፈለቁ፤ የቆርቆሮውንና የአጥንቱን ድምፅ መለየት አልቻልሁም። ሁለተኛውም ሦስተኛውም ዱላ እዚያው ላይ ወረደ። ማሩ በጣቶቹ መካከል ተንዠቀዠቀ። ቀይ ማር አውቃለሁ፤ እንዲያ የቀላ ማር ግን አይቼ አላውቅም።

ሦስተኛ፦ ስለ ወንድማማችነቱ። «እጁን ሰበሩት!» የሚለው ጩኸት እንደተሰማ የሞጣ ሰዎች የድንኳን ምሰሶ ነቀሉ፤ የእኛም ልጆች ምክንያቱን ሳይጠይቁ የቀረውን ምሰሶ ነቀሉ፤ ድንኳኑም በሁሉም ላይ ወደቀ። በሸራው ሥር ወንድም ወንድሙን ሳያየው ፈነከተው። የሽምብራው አሳ እንደ ጠጠር በረረ። የስልጆው ፉርጎ የዚያኑ ጥበቃ ፊት አግኝቶ ሰናፍጩ ሁለት ዓይኑን ስለሞላው፣ ጨፍኖ ያገኘውን ሁሉ ሲቀጠቅጥ መጀመሪያ ያገኘው የገዛ የጥበቃ አለቃውን ነበር። አንድ የሞጣ ጎልማሳ ሁለት ጥርሱን ተፍቶ፣ ኪሱ ከትቶ፣ ተመልሶ ገባ። እኔን ማን እንደመታኝ አላወቅሁም፤ ካወቅሁ አመሰግነዋለሁ፣ የቀረውን አላየሁምና። ክቡርነትዎ ግን «ሁለት ከተማ፣ አንድ ማዕድ» የሚለውን የባዛሩን መፈክር ጨርቅ ተከናንበው ከጠረጴዛው ሥር እንደነበሩ ሰምቼ በጤናዎ ተደስቻለሁ።

አራተኛ፦ በማግሥቱ በድምፅ ማጉያ «ባዛሩ በሰላም ተጠናቋል» ብለው ስላበሠሩን። እኛ የሰማነው ሐኪሙ የባየን ጣቶች አንድ በአንድ ሲያቃና፣ ባየም የነጠላውን ጫፍ ነክሶ ሳለ ነው። ወጌሻው ገና በበሩ ላይ ሆኖ አይቶ «ይህስ ከእኔ በላይ ነው» ብሎ ተመልሶ ነበር። ሐኪሙ አጥንቱ ይገጥማል፣ መዶሻ ስለመያዙ ግን እንጃ ብሏል። የባየ ሚስት ወለተ ኢየሱስ እያጎረሰችው «ማሩን ሞጣ ሰጠች፤ እጁን ቢቸና ወሰደች» ትላለች። እርሱ እስካሁን ስምዎን በክፉ አላነሣም።

አምስተኛ፦ ይህኛው ምስጋና አይደለም። ባየ ሞጣ የሚኖር ስማቸው የሚባል ታላቅ ወንድም አለው፤ ስማቸው እንደ እኔ ቀልድ አይወድም። ሰሞኑን የላከብን ቃል «የወንድሜ እጅ በዱላ ተሰበረ አሉ፤ እኔ ዱላ የለኝም» የምትል ናት። ዱላ የሌለው ስማቸው ምን እንዳለው አገር ያውቃል፤ ደጃፉ ተቀምጦ ሲወለውለው ያየም አለ። ነገ የገበያ ቀን ነው። ከሞጣ በሚመጣው የመጀመሪያው መኪና ይሳፈራል።

ክቡርነትዎ የሚያውቁት መመሪያና ደንብ ብዙ ነው፤ እኔ ያልተማርሁት አጎትዎ የማውቀው አንዱን የአገር ወግ ብቻ ነው። የበደለ ሰው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ከተበዳዩ ደጅ ይወድቃል፤ ተበዳዩ «ተነሥ» እስኪለው አይነሣም። ድንጋይ በተሸከመ አንገት ላይ የሚተኩስ ሰው በጎጃም ምድር አልሰማሁም። ያለ ድንጋይ ቀና ብሎ በሚሄድ አንገት ላይ ግን የተተኮሰውን ቆጥሬ አልጨርስም። ከቀብሩ በኋላ የእኛም ወገን ዝም አይልም፤ ከዚያ የእነርሱ፣ ከዚያ የእኛ፤ ይህም ሐዲድ ክብ ነው። እህቴ በዛብሽ ልጇን ስትቀብር ማየት አልሻም። ሳይቃጠል በቅጠል ይሉት ነገር እንዳለ…

ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አጥሬን የሚያነዋውጥ ሰው መጥቷል። እንግዳ አልጠራሁም። ስማቸው የነገውን መኪና አልጠበቀም ይሆን? ከመክፈቴ በፊት ፊርማዬን ላኑር፣ ምናልባት።

ዕድሜዎን ከወንበርዎ ዕድሜ ያስበልጥልዎ እያልሁ፣ በተሰበረው ፉርጎ፣ በፈሰሰው ስልጆና በሎሚዋ እብጠቴ ስም፣ ከግንባሬ እስከ መሬት ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣

የክቡርነትዎ አጎትና የጠፋች ቆርኪ ባለቤት፣
ፋንታ፣ ከቢቸና

ድኅረ ጽሑፍ፦ በሩን ከፈትሁ። ስማቸው አይደለም፤ አንተ ነህ፣ ይታገስ፤ የእርሱ ቃል ከአንተም ጆሮ ደርሷል መሰለኝ። ያለ ከረባት፣ ያለ ጥበቃ፣ ድንጋይ በጫንቃህ ተሸክመህ እግሬ ላይ ወድቀሃል፤ ይህንንም የምጽፈው ከእግሬ ሥር ቀና እንዳትል እየከለከልሁህ ነው። አየህ፣ ዛሬም እንደ ባዛሩ የመጀመሪያውንና የኋለኛውን አዛብተሃል። የማን እጅ ተሰብሮ ነው ወደ እኔ የመጣኸው? የእኔ እጅ ደህና ነው፤ ይኸው ይጽፋል። የባየ ደጅ ከእኔ ቀጥሎ ነው፤ መብራቱም አልጠፋም። ድንጋይህም የድስት ክዳን ለመጫን እንኳ አትበቃም፤ ከአጥሩ ሥር የእናትህ አሮጌ የወፍጮ ድንጋይ አለ፣ በሶ ፈጭታ ያሳደገችህ፤ እርሱን ተሸከም፣ እኔ ከኋላ እደግፍልሃለሁ። ከባዱ ከፊት፣ ቀላሉ ከኋላ። ደብዳቤውን ግን ነገ ከመኪናው በፊት እለጥፈዋለሁ፤ «በለው!» ያልኸው በገበያ መካከል ነውና በጨለማ የምታመልጠው ይቅርታ የለም። ጫማህንም አውልቅ፤ ስትገባ ቀጭ ቀጭ ያልኸው አንተ ነህ።