ጎርፍ ያደረግኩሽ አጎትሽ

ለማትጠገቢው የወንድሜ ልጅ፣ ለሸንበቆዬ፤

ከሰላምታዬ በፊት ጤናሽን፣ ከጤናሽ በፊት ደግሞ ሳቅሽን ልጠይቅ። እንዴት ነሽ? ብርድ በመጣ ቁጥር የሚያስቸግርሽ ሳል ለቀቀሽ? የእናትሽ ጉልበት እንዴት ሆነ? ባልሽስ፣ አሁንም በር ሲገባ ጎንበስ ማለት ይረሳል? ሕፃኗ ጥርስ አበቀለች ወይስ እንደ እኔ በድድ ነው የምትስቀው? እኔ ከፀጉሬና ከምላሴ በቀር ደህና ነኝ። ፀጉሬ ሄዷል፤ ምላሴ አለች፤ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈችኝም እሷው ናት።

አሁንም የምሠራው አባትሽ ወንበሮቹን በሚጠግንበት በዚያው በወንዙ ዳር ባለው አሮጌ መጠጥ ቤት ነው። ድሮ ጀልባ ቀዛፊዎች ብቻ ይጠጡበት የነበረው ቤት ዛሬ የከተማው መዝናኛ ሆኗል። እሑድ ከሰዓት ሕዝቡ ወንዙን ዳር ዳሩን ሲንሸራሸር ይቆይና ወደኛ ይገባል፤ ቢራውን ይዞ ዳማ ይጫወታል፣ ጣሪያውን አንጋጦ ያያል፣ ታሪክ ይጠይቀኛል። እኔ ደግሞ ታውቂኛለሽ፣ ታሪክ ሲያጥር እቀጥላለሁ።

የጓዳው በር መቃን ትዝ ይልሻል? ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር አባትሽ ጫማሽን አስወልቆ እዚያ ያቆምሽ ነበር። አናትሽ ላይ በመሮ አንድ መስመር፣ ከሥሩ ዓመተ ምህረቱ። ስምሽን አልጻፈም፤ ለማን ብሎ? ስምንት መስመር ነው። የመጨረሻው ከእናትሽ ጋር አገር የለቀቅሽበት ዓመት ነው።

አንድ እሑድ አንዲት ባለመነጽር እንግዳ መስመሮቹ ምን እንደሆኑ ጠየቀችኝ። ዐይኔን በጨው አጥቤ «ጎርፍ ነው፤ ወንዙ በየዓመቱ የደረሰበት» አልኳት። በመጨረሻው ጊዜ ወጋግራው ላይ ተንጠልጥዬ ቢራ እቀዳ እንደነበር ሁሉ ነገርኳት። ለካ ሴትዮዋ የአሮጌ ቤቶች ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ናት! ነገር ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ እኔ ላይ ሁለቱም ደርሷል። በወሩ መቃኑ ላይ የነሐስ ጽሑፍ ተመታ፦ «ታላላቅ ጎርፎች የደረሱበት ከፍታ»።

አባትሽ አንብቦት ሳቀ። «ልጄን ወንዝ አደረግሃት አይደል?» ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ። እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት! ግን አንድ ጠጪ፣ ከመጨረሻው መስመር ዓመት ወዲህ ለምን ምልክት እንደሌለ ጠየቀ። ቤቱ ሙሉ ሰው እየሰማኝ ነበርና «ወንዟማ ኮብልላ ሌላ አገር ቀረች» አልኩ። «ወንዙ» ማለት ሲገባኝ «ወንዟ» አልኩ። ሁሉም ሳቀ፤ ከአባትሽ በቀር ቃሏን ያስተዋላት የለም። መሮውን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ከረጢቱን አንጠልጥሎ ወጣ።

ይኸው ሦስት ሳምንቱ፣ አልተመለሰም። ቤቱ ሄጄ ባንኳኳ ከውስጥ «እዚህ ጎርፍ የለም፤ ሂድ» አለኝ።

ትናንት ጽሕፈት ቤቱ ሄጄ ለባለመነጽሯ እውነቱን ተናገርኩ። ጎርፉን አምናለች፣ ልጅቷን ግን አላምንም አለች! ማስረጃ አምጣ አለችኝ። የነሐሱን ጽሑፍ በገዛ እጄ ነቅዬ ጓዳ አስቀምጫለሁ፤ የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ከፈለገ ያባርረኝ። የአባትሽን ልብ ግን እኔ አልጠግነውም። ሸንበቆዬ፣ ይህን እየሳቅኩ አይደለም የምጽፈው፤ ይቅር በይኝ። ጫማሽን አውልቂና ግድግዳ ተደግፈሽ ቁሚ፤ ባልሽ ከተረከዝሽ እስከ አናትሽ በክር ይለካሽ። ክሩን ለእኔ ሳይሆን ለአባትሽ ላኪለት። ዘጠነኛውን መስመር ከሱ በቀር የሚቆርጠው የለም።

እናትሽን እጅ ነሥቼ ሰላም ብያታለሁ። ባልሽን ጎንበስ በል በይልኝ። የሕፃኗን ሁለቱንም ጉንጮች ሳሚልኝ፤ ለሷም አንዲት አጭር ክር ጨምሪበት። መቃኑ ከታች በኩል ገና ቦታ አለው።

ምላሰ ረጅሙ አጎትሽ
ከወንዙ ዳር፣ ከጓዳው በር ፊት ለፊት ካለው ጠረጴዛ
ኅዳር ፱ ቀን