የመምህርት ይታይሽ ክንዱ ሕመም ስም አለው

መምህርት ይታይሽ ክንዱ ከአባታቸው ከመሪጌታ ክንዱ መልካሙና ከእናታቸው ከወይዘሮ ደጊቱ ጥላዬ፣ በታች ጋይንት አርብ ገበያ አጠገብ ሰኔ 12 ቀን 1960 ዓ.ም. ተወለዱ። ፊደል ከአባታቸው ዘንድ ቆጠሩ። በመምህርነት ሠልጥነው በ1981 ዓ.ም. ሥራ ጀመሩ፤ ኋላም ክረምት ክረምት እየተመላለሱ በሥነ ልቦና በዲግሪ ተመረቁ።

በ1984 ዓ.ም. ከመምህር አስቻለው ጋር ትዳር መሥርተው ትዕግሥትንና ሕይወትን ወለዱ። ይህን የሚጽፈው ያው አስቻለው ነው፤ እጁ ዝሎበታልና ሰሚ ይታገሠው።

በእስቴ መካነ ኢየሱስ ሃያ ዓመት ሲያስተምሩ፣ በየዓመቱ የመጀመሪያው ቀን ትምህርታቸው አንድ ነበር። ሰሌዳው ላይ ስሜት፣ ሐሳብ፣ ባህርይ ብለው ይጽፋሉ። «ከፍቶኛል» ስሜት ነው፤ «አልረባም» ሐሳብ ነው፤ ከቤት አለመውጣት ባህርይ ነው። ሦስቱንም የሚያውክ ሕመም ድባቴ ይባላል፤ እንደ ወባ ስም አለው፣ ይታከማልም ይሉ ነበር። ተማሪ ከሳቀ፣ አቤት ቁጣቸው!

በ2015 ዓ.ም. ድባቴ እሳቸውኑ ያዛቸው። ከቤት መውጣት ተዉ። «አልረባም» አሉ። አስቻለው «ይሄ ሐሳብ ነው እንጂ እውነት አይደለም፤ አንቺው አይደለሽ ያስተማርሽው?» ቢላቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

ጠያቂ ሲመጣ አስቻለው በር ላይ ቆሞ «ስኳሯ ነው» ይል ነበር። ስኳሩም ነበረባቸው። የዋናውን ሕመም ስም መጥራት ግን አፈረ፤ ሐኪም ቤትም የወሰዳቸው ለስኳሩ ብቻ ነው። እሳቸው ከውስጥ ይሰሙ ነበር።

ባለፈው ክረምት ጠርተውት፣ «ስሞት ‹ባደረባቸው ሕመም› ብለህ እንዳታልፈው። ስሙን ጥራልኝ» አሉት። ትናንት ዘመድ ተሰብስቦ፣ እንዲህ ያለ ነገር በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ይነበባል ወይ፣ ሰውስ ልጆቹን ምን ይላቸዋል ሲል አመሸ። አስቻለው መከራከር ደክሞታል። ጻፈው።

መምህርት ይታይሽ ክንዱ ሦስት ዓመት በድባቴ ታመው፣ ምግብም የስኳር መድኃኒትም አልወስድ ብለው፣ ጥቅምት 8 ቀን 2018 ዓ.ም. በ57 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውና የልጅ ልጃቸው ቅድስት ቀርተዋል።

ከለቀስተኛው መካከል እንደ አስቻለው በር ላይ ቆሞ የሕመሙን ስም ሸሽጎ ለጠያቂ የሚመልስ ካለ፣ ዛሬ ከቀብር ሲመለስ ወደ ውስጥ ይግባ። የይታይሽን ነፍስ እግዚአብሔር ድካም በሌለበት ያሳርፍልን።